ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል የስትሮክ ክፍል ከየት ይጀመር?

ጠያቂ፦ ውስጥ_ደዌ

ሰላም ለሁላችሁ። የስትሮክ ሕሙማን ከሌላው ታካሚ ጋር ተደባልቀው በሚተኙበት ሆስፒታል የስትሮክ ክፍል ለማቋቋም እየተዘጋጀን ነው። የተፈቀደልን አራት አልጋ፣ በየፈረቃው አንድ ነርስ፣ ለመላው ሆስፒታል ደግሞ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው። የአንጎልን ውስጥ የሚያሳየው የምስል ማሽን፣ ሲቲ ስካኑ፣ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒትም የለም። «ማሽኑ ይምጣና እንጀምራለን» የሚሉ አሉ። ሳንጠብቅ የቱን እንያዝ? ተሃድሶውንስ በአንድ ሰው እንዴት እናዳርስ?

መልስ፦ የዋርድ_ነርስ

ማሽኑን አትጠብቁ፣ ዶክተር። የስትሮክ ክፍል ሰው የሚያተርፈው ሕሙማኑን አንድ ቦታ ሰብስቦ ያንኑ ሥራ በየፈረቃው ሳያጓድል በሚሠራ ቡድን ነው። የደም ሥሩ ለተዘጋበትም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ለፈሰሰበትም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሥራ የመዋጥ ፍተሻ ይሁን። ታካሚው በደንብ መንቃቱን አይታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አፉን አጽዱ። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ስጡና ጣታችሁን ማንቁርቱ ላይ አሳርፉ፤ ሲውጥ ከጣታችሁ ሥር ከፍ ብሎ መመለስ አለበት። ከዋጠ በኋላ «አአአ» አስብሉት። ሦስት ማንኪያ ካለፈ 50 ሚሊ ሊትር በብርጭቆ ይሞክር። ካሳለው፣ ትን ካለው፣ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ከሆነ ወይም ውሃው በከንፈሩ ጥግ ከወረደ እዚያው አቁሙ። ያላለፈ ሰው ክኒን እንኳ በአፉ አይወስድም። ራስጌው ላይ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ በማግስቱ ተደግሞ ካላለፈ የአፍንጫ ቱቦ ይግባለት።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው። አስታማሚው አዝኖለት እንደተንጋለለ ውሃ ያቀምሰዋል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ሳያስለው ወደ ሳንባው የሚገባበትም ሰው ስላለ አተነፋፈሱን መቁጠር አይቅር።

ከዚህ ጋር ለ72 ሰዓት ትኩሳት በየ4 ሰዓቱ፣ ስኳር በየ6 ሰዓቱ ይለካ። 37.5 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ይሰጥና ምንጩ ይፈለግ፤ ስኳሩ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ይታከም። አውስትራሊያ ውስጥ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ነርሶች ሦስቱን፣ መዋጥን፣ ትኩሳትንና ስኳርን፣ ሲይዙ በ90 ቀን የሞቱት ወይም የሰው ጥገኛ የሆኑት ከ58 ወደ 42 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል። ለአንድ ታካሚ 12 የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቀድማችሁ ካላስጠየቃችሁ ሥራው በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል።

መልስ፦ ኒውሮ_ሐኪም

ሲስተር ባሉት ላይ ልጨምር። ስኳር የወረደበት ሰው ልክ እንደ ስትሮክ አንድ ጎኑ ሊዝል ይችላል፤ ስለዚህ ታካሚው እንደደረሰ ከምንም በፊት ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ ይታይ።

መዘጋትንና መድማትን በምልክት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ ነጥብ እየተደመረ የሚለይባቸው ሰንጠረዦችም ይስታሉ። አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ሲቲ እስኪታይ ቢቆይ እመርጣለሁ። ንቃቱ እየቀነሰ የሚሄድ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ያለበት ሰው ለሲቲ ቅድሚያ ይላክ።

እባካችሁ የደም ግፊት ማውረጃውን ኒፌዲፒን ከምላስ ሥር አታድርጉ። ግፊቱን በደቂቃዎች ያሽቆለቁለዋል፤ ደም ያጠረው የአንጎል ክፍል ደግሞ በሕይወት የቆየው በዚያ ግፊት ነው። የማሟሟያ መድኃኒት ያልተሰጠው የደም ሥር መዘጋት ሲሆን፣ እንደ ልብ ሕመም ያለ ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ፣ በመጀመሪያው ቀን ግፊቱ እስከ 220/120 ድረስ አይነካም። መድማት ከተረጋገጠ ግን የላይኛውን ቁጥር ሳይዋዥቅ ወደ 140 ማውረድ ነው።

መልስ፦ ፊዚዮ_ተሃድሶ

ፊዚዮቴራፒስቱ ጠዋት ለየታካሚው የቀኑን ሥራ ጽፎ ይስቀል፤ ነርሶቹ በማገላበጥና በማጠብ መሃል ያስፈጽሙት። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ረጅም ልምምድ አታሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አቨርት የተባለው ትልቅ ጥናት ቶሎ ተጀምሮ ብዙ የተሠራበት ልምምድ ውጤቱን እንዳባሰ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ አጭር አጭር፣ ግን ተደጋጋሚ ይሁን።

ትከሻ ላይ አደራ። የዛለውን ክንድ ይዞ መጎተት ወይም ብብት ሥር ገብቶ ማንሳት መገጣጠሚያውን ያላላዋል፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመም ወራት ይፈጃል። ሲተኛም ሲቀመጥም ክንዱ ከሥሩ ትራስ ይኑረው።

ለመነሣት ልምምድ የማይንሸራተት ወንበር ይበቃል። መቀመጫውን በፍራሽ ቁራጭ ከፍ አድርጉ፣ እግሮቹን ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ፣ በዛለው እግርም ክብደት እንዲጥል እዩ። አሥር ጊዜ በደህና ሲነሣ አንድ ቁራጭ ቀንሱ።

አስታማሚን አሠልጥኑ፤ ተሃድሶውን ግን በሙሉ ቤተሰብ ላይ አትጣሉ። ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታካሚዎች የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አቴንድ የተባለ ጥናት ቤተሰብ የሚመራው የቤት ልምምድ ሞትንም ጥገኝነትንም እንዳልቀነሰ አግኝቷል። አስታማሚው ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ማገላበጥን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወርንና ማብላትን ነርስ ፊት ሠርቶ ያሳይ። የመመለሻ ቀጠሮም ተጽፎ ይሰጠው።

ጠያቂ፦ ውስጥ_ደዌ

አመሰግናለሁ፤ በመዋጥ ፍተሻው እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ነርሶች በየሦስት ወሩ ክፍል ይቀያየራሉ። ሥልጠናው አብሮ አይሄድም?

መልስ፦ የዋርድ_ነርስ

ይሄዳል። ከሜትሮኗ፣ ከነርሶች ኃላፊዋ፣ ጋር ተነጋግራችሁ ሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን አንድ በአንድ ይቀየሩ፤ አዲሷም ከነባሯ ጋር አምስት ፍተሻ አብራ ሳትሠራ ብቻዋን አትፈትሽ። አራቱም አልጋዎች በሌላ ታካሚ እንዳይያዙ አንዱን ለሚመጣው ስትሮክ ክፍት የሚያደርግ የጽሑፍ ስምምነት ከአስተዳደሩ ጋር ያዙ።