የቨርቹዋል ማሽኔን ሃርድዌር ቨርዥን ዝቅ ማድረግ አቃተኝ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) 7.0 ላይ የነበረችን ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሰራች ኮምፒውተር፣ ሃርድዌር ቨርዥኗን (የምናባዊ ሃርድዌሯን ደረጃ) ሳላስብበት ወደ 17 አሳደግኩት፣ አሁን ኢኤስኤክስአይ 6.7 ወዳለው ሰርቨር ላዛውራት ስል እሱ 17ን አያውቀውም እና ጭራሽ አልነሳም አለች። ሜኑው ላይ ማሳደጊያ እንጂ መመለሻ የለም። ከማሳደጌ በፊት ስናፕሾት (ወደነበረችበት መመለሻ ቅጂ) አለመያዜ ነው የሚያንገበግበኝ!

ቪኤምኤክስ ፋይሉን (የማሽኗ ሴቲንግ የተጻፈበትን) ከፍቼ የቨርዥን ቁጥሩን በእጄ 6.7 ወደሚያውቀው 14 ልቀይረው ወይስ በ14 አዲስ ማሽን ፈጥሬ የድሮውን ዲስክ ልቀጥልበት? ውስጧ ዳታቤዝ አለ፣ ዲስኩን ኮፒ አድርጌዋለሁ ግን አሁንም ፈርቻለሁ። አዲስ ከፈጠርኩ ደግሞ ማክ አድሬሱ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ተቀይሮ ኔትወርኩ ይበላሽብኛል? በእጃችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ የትኛው እንደሰራላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ