የፕራይም መፈተሻዬ 61 ላይ እምቢ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የሉካስ-ሌመር ፈተናን ጻፍኩ፤ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ቁጥር ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) መሆኑን የሚለይ ነው። ከ4 ተነስቶ በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፣ ከዚያ መደጋገም። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ፕራይም ነው። ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠውን 2147483647ን ወዲያው አሳለፈልኝ። 61 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘውን 2305843009213693951ን ግን «ፕራይም አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። ነው እኮ!

ድግግሞሹ 59 ነው፣ እሱ ልክ ነው። የምጠረጥረው ማባዛቱን ነው። ውጤቱ እስከ 122 ቢት (የ0 እና 1 አሃዞች) ይሄዳል፣ የኔ ቋት የሚይዘው 64 ብቻ። ትርፉ ዝም ብሎ ይቆረጣል መሰለኝ፤ ስህተት እንኳን አያሳይም።

ፓይተን ተጠቀም እንዳትሉኝ፣ የማስተምራቸው ልጆች ሲ ነው የያዙት። ቁጥሩ ሳይሞላ ቀሪውን የማስላት ዘዴ የምታውቁ፣ በናታችሁ ጥቂት መስመር ኮድ ጣል አድርጉልኝ።