የኢንዛይም ልኬትና ክሎራምቡሲልን የሚቋቋም ሉኬሚያ፦ የእርዳታ ጥያቄ

ለመመረቂያ ጽሑፌ ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ (የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር) ካለባቸው 14 ሕሙማን የተወሰደ ደም እየመረመርኩ ነው፤ ስምንቱ ክሎራምቡሲል የተባለው የካንሰር መድኃኒት አልሠራ ያላቸው፣ ስድስቱ ደግሞ ሕክምና ያልጀመሩ ናቸው። መነሻዬ የታወቀ ነው፦ ግሉታታዮን ኤስ-ትራንስፈሬዝ የተባለው ኢንዛይም መድኃኒቱን ከግሉታታዮን (በሴል ውስጥ ካለ አነስተኛ ሞለኪውል) ጋር አጣምሮ ስለሚያመክነው፣ ኢንዛይሙ በበዛበት ሴል ውስጥ መድኃኒቱ ዲኤንኤው ዘንድ ሳይደርስ ሊወገድ ይችላል።

ሊምፎሳይቶቹን (ሉኬሚያው የሚነካቸውን ነጭ የደም ሴሎች) በፊኮል፣ ማለትም ሴሎችን በጥግግታቸው በሚለይ ፈሳሽ፣ ለይቼ የኢንዛይሙን እንቅስቃሴ በሲዲኤንቢ (ኢንዛይሙ ከግሉታታዮን ጋር በሚያጣምረው የመለኪያ ኬሚካል)፣ በ340 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ለካሁ፤ ውጤቱንም ለአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን አሰላሁ። መድኃኒቱ ካልሠራላቸው መካከል የአምስቱ ልኬት ከፍ አለ፤ የሦስቱ ግን ካልታከሙት አይለይም። ይባስ ብሎ ከፍተኛውን ቁጥር የሰጠኝ ናሙና ከሴንትሪፉጁ ሲወጣ ዝቃጩ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነበር። ቀይ የደም ሴሎች ደግሞ የኢንዛይሙን ፒ ዓይነት በብዛት ስለሚይዙ፣ የለካሁት የሉኬሚያውን ሴል ይሁን የእነሱን ለመለየት አልቻልኩም። በአሞኒየም ክሎራይድ ቀይ ሴሎቹን አፍርሼ ስደግመው ቁጥሩ ወረደ፤ ካንሰር ያልሆኑ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች፣ ማለትም ቲ ሴሎችና ሞኖሳይቶች፣ ግን አብረው አሉ። ሲዲኤንቢም (ይህን ቀድሜ ላስብበት ይገባ ነበር) የአልፋውንና የፒውን ዓይነት ሳይለይ ድምሩን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሁን የቀረኝ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተቀመጠ፣ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ 5 ሚሊዮን ያህል ሴል ብቻ ሲሆን ለሁለት ሙከራ አይበቃም። ሲዲ19 (የሉኬሚያው ሴሎች ላይ የሚገኝ ፕሮቲን) ያላቸውን ሴሎች በማግኔት ለይቼ ልኬቱን ብደግም ይሻላል ወይስ ሳልለያቸው የኢንዛይሙን ዓይነቶች በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በፀረ እንግዳ አካል ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) ብመረምር?