ለጡት ካንሰር የትኛው የደም ምርመራ ይሻላል? የኔ ጥቆማ

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «ደም ሰጥቼ ልገላገል» ብትል አይፈረድባትም። ግን ለዚህ የሚሆን የደም ምርመራ የለም። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ወይም አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ናሙና ማስወሰድ ነው።

የደሙ ተራ የሚደርሰው በሽታው ከታወቀ በኋላ፣ በተለይ ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ ነው። ያኔ ሕክምናው መሥራቱን ለመከታተል የምጠቁመው ሲኤ 15-3 የተባለውን ምርመራ ነው። ሲኤ 27.29ም አለ፤ ሁለቱም ሙክ1 የተባለውን ፕሮቲን ስለሚለኩ ሁለቱንም ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው። ሲኢኤ የተባለው ሦስተኛ ምርመራ የሚለካው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ግን ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች የሲኤ 15-3ን ጣሪያ 30 ዩኒት በሚሊ ሊትር አካባቢ ያደርጉታል። 34 የሚል ወረቀት ይዞ እንቅልፍ ማጣት ግን አያስፈልግም። የጉበት በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንኳ ከፍ ያደርገዋል። አዲስ ሕክምና በተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥም መድኃኒቱ እየሠራ ቁጥሩ ሊዘል ይችላል። የሚታየው አካሄዱ ነው፤ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ? ስለዚህ ላቦራቶሪ አትቀያይሩ። ዘዴው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

ሴልሰርች ደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሴሎችን ይቆጥራል። በተሰራጨ ካንሰር፣ በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም 5 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምልክቱ ጥሩ አይደለም። ታዲያ ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ቁጥሩ አልወርድ ሲል ኬሞውን ቶሎ መቀየር ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳይቷል። እኔ አልከፍልበትም።

የምከፍልበት ከዕጢው ወደ ደም የሚገባውን ዲኤንኤ የሚያነበውን ነው፤ ለምሳሌ ጋርዳንት360 ሲዲኤክስ። የተሰራጨው ካንሰር ኢአር ፖዘቲቭ (የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ ያለው) እና ኸር2 ኔጌቲቭ (ኸር2 የተባለው ፕሮቲን ያልበዛበት) ሆኖ ለሆርሞን ሕክምና አልበገር ካለ፣ ምርመራው ኢኤስአር1 በተባለው የኢስትሮጅን ተቀባይ ጂን ላይ ለውጥ መኖሩን ያያል። ከተገኘ ኤላሴስትራንት የሚባል እንክብል አለ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ምርመራውንና እንክብሉን አብሮ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው። ውጤቱ መድኃኒት ያስመርጣል፣ ቁም ነገሩም እዚህ ጋ ነው። ደም ውስጥ አልተገኘም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ናሙና ሊጠይቅ ይችላል።

ሕክምና ጨርሳችሁ ምንም ምልክት የሌላችሁ፣ ሲኤ 15-3ን በየጊዜው አትከታተሉ። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም አይመክረውም።

እናት ወይም እህት ታማ ስለራሳችሁ የምትጠይቁ ደግሞ፣ ከላይ ያሉት የደም ምርመራዎች አይመለከቷችሁም። የእናንተ በዘር የሚተላለፍ የጡት ካንሰር ስጋትን የሚያሳዩት የቢአርሲኤ1 እና የቢአርሲኤ2 ጂኖች ምርመራ ነው፤ ከደም ወይም ከምራቅ ይሠራል። ከተቻለ መጀመሪያ የታመመችው ትመርመር።