በሰው ስምና ፎቶ ስለሚከፈት የሐሰት ገጽ፦ ለዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት (ኦሊምፒያ) የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦ የሲያትልና የአካባቢው የእድር አባላት፣ ሰውን ለማዋረድ በስሙ የሐሰት ገጽ መክፈት ወንጀል እንዲሆን የምንጠይቅበት ረቂቅ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። መነሻውን ታውቃላችሁ፤ በአንዲት እኅታችን ስምና ፎቶ ገጽ ተከፍቶ ለዘመድ ለወዳጅ ጸያፍ መልእክት ተላከ። ለፖሊስ ስታመለክት መጀመሪያ የተጠየቀችው «ገንዘብ ተወስዶብሻል?» ተብላ ነው። አልተወሰደባትም። ጠበቃ ያዢ ተብላ ተመለሰች።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው ሕግ ለተበዳይ የፈቀደው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ማንን ትክሰስ? ገጹን የከፈተው አይታወቅም። ማንነቱን ለማወቅ ጠበቃ መግዛትና የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጠበቅ የእርሷ ዕዳ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሲሆን ግን ምርመራው የመንግሥት ይሆናል። በ2025 ምክር ቤቱ ሰውን ለማዋከብ የተፈበረከ ምስልና ድምፅ እንደ እውነተኛ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጓል። የእኅታችን ፎቶ ግን አልተፈበረከም፤ ከራሷ ገጽ የተሰረቀ የሠርግ ፎቶ ነው። ቀዳዳው ይኸው ነው።

አንጋፋ አባል፦ ይህን እንዲህ እንዳለ አልፈርምም። ስንቶቻችን ነን በብዕር ስም ስንጽፍ የኖርነው? አገር ቤት ያለ ወገኑ እንዳይነካበት ስሙን የደበቀ ሁሉ ሊከሰስ ነው? ባለሥልጣንን የሚያሾፍበትስ?

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የብዕር ስም የማንም ስም አይደለም፤ እኛ የምንለው በሕይወት ያለ የሌላ ሰው ስም ነው። ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የካሊፎርኒያ ሕግም አንባቢው «እውነትም እርሱ ነው» ብሎ ሊያምን የሚችልበትን ማስመሰል ብቻ ይመለከታል፤ የመጉዳት፣ የማስፈራራት ወይም የማጭበርበር ዓላማም መኖር አለበት። በግልጽ የሚታይ ቀልድ በዚህ አይያዝም።

አንጋፋ አባል፦ እንግዲያው «ለማዋረድ» የሚለው ቃል ይውጣ። ቀልድ ሁሉ ያዋርዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኅታችን የደረሰባት እኮ ውርደት ነው! እርሱን ካወጣን ምን ቀረ?

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ በ2014 የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሙት ባሕር ጥቅልሎች የተባሉትን ጥንታዊ ጽሑፎች በሚያጠኑ ምሁራን ስም በተላኩ ኢሜይሎች ላይ ሲወስን፣ በሌላ ሰው ስም አድራሻ መክፈት ብቻውን አያስቀጣም፣ እውነተኛ ጉዳት ያስፈልጋል ብሏል። ስለዚህ «በስሙ፣ በሥራው ወይም በቤተሰቡ ላይ ጉዳት ለማድረስ» ብንል ሁለታችሁንም ያስማማል።

አንጋፋ አባል፦ በዚህ እፈርማለሁ።

የወላጆች ተወካይ፦ ቅጣቱስ? ቴክሳስ በ2009 ያወጣችው ከ2 እስከ 10 ዓመት እስራት ያስከትላል። የትምህርት ቤት ልጅ በእልህ የጓደኛውን ገጽ ቢከፍት ዕድሜ ልኩን የሚከተለው መዝገብ ሊሸከም ነው? ካሊፎርኒያ ከአንድ ዓመት እስራትና ከ1,000 ዶላር አላለፈችም። ከ364 ቀን እንዳይበልጥ እንጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ ተመዝግቧል። ረቂቅ ሕጎች ከምክር ቤቱ ጉባኤ በፊት መቅረብ የሚጀምሩት በዲሴምበር ስለሆነ የወረዳችንን ተወካይ በኅዳር እናነጋግር። ምስክርነት በቪዲዮ መስጠት ይቻላል። ማን ይናገር?

ባለጉዳይዋ፦ እኔው እናገራለሁ። ቀኑን ግን ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ የሌሊት ተራኛ ከሆንኩ ፈረቃ መቀየር አለብኝ።