ጥቆማ፦ እናቴን ይዤ የትኛውን የተራራ መንገድ ልንዳ? ስካይላይን፣ ብሉ ሪጅ ወይስ ሌላ

ጥያቄ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከአዲስ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ሞልና ሙዚየሙ ሰልችቷታል፣ እና ኦክቶበር ላይ ዛፎቹ ቀለም ሲቀይሩ ተራራ ወስደን እናሳያት ብለን አስበናል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ስካይላይን ድራይቭ ይለኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ በነጻ እያለ ለምን እንከፍላለን ይላል። እናቴ ሰባን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከሁለቱ ልጆች ደግሞ ትልቁን መኪና ያስመልሰዋል። ባንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል ወይስ ማደር የግድ ነው? የምግቡስ ነገር? እሮብና አርብ የምትጾም ሰው ናት። የምታውቁ እስቲ ጠቁሙኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ እንኳን ደህና መጡ በይልን። ባንድ ቀን ከሆነ ስካይላይን ነው (ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ)፣ ክርክር የለውም። ግን ከዲሲ የሚሄደው ሰው ሁሉ በፍሮንት ሮያል በር ነው የሚገባው፣ ኦክቶበር ዊኬንድ ላይ እዚያ በር ላይ ተሰልፈሽ ነው ጠዋቱ የሚያልቀው። ፓርኩ አራት መግቢያ አለው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ፍሮንት ሮያል፣ ቶርንተን ጋፕ፣ ስዊፍት ረን ጋፕ፣ መጨረሻ ላይ ሮክፊሽ ጋፕ። አንቺ በ66 ቁጥር መንገድ ውጪና በዋረንተን አድርገሽ 211ን ይዘሽ ስፐሪቪልን አልፈሽ በቶርንተን ጋፕ ግቢ፣ ወደ ደቡብ ንጂ፣ በስዊፍት ረን ጋፕ ውጪና በ33 እና በ29 ወደ ቤት። ሙሉ መንገዱ 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ወሰኑ 35 ስለሆነ ምንም ሳትቆሚ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ከልጅና ከእናት ጋር ደግሞ ሳይቆሙ መንዳት የለም። እኔ የምልሽ መሀለኛው ቁራጭ 34 ማይል አካባቢ ነው፣ የፓርኩ ቁም ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሙሉውን ነዳሁት ለማለት ብቻ 105 ማይል የሚነዳ ሰው አይገባኝም፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተኝቶ ሾፌሩ ብቻውን ነው ቪው የሚያየው።

በመንገዱ ዳር በየማይሉ ቁጥር ያለው ምልክት ስላለ በሱ ነው የሚወራው። ከበሩ እንደገባችሁ 32ኛው ማይል ላይ ድንጋዩን በስተው የሰሩት ቶነል አለ፣ ልጆቹ ይወዱታል (ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ ትልቅ አርቪ የሚከራይ ካለ ይለካ)። 43 አካባቢ ሊምበርሎስት የሚባለውን እንዳታልፊው። 1.3 ማይል ዙሪያ ነው፣ ለጥ ያለ፣ ዊልቸር እንዲሄድበት ተብሎ የተሰራ፣ መሀል መሀል ላይ መቀመጫ አለው፣ ለእናትሽ ከዚህ የተሻለ የለም። ትንሽ ቀደም ብሎ ስካይላንድ አለ፣ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ እሱ ነው፣ 3,680 ጫማ። እሳቸው እዚያ ሎጁ ጋ ቁጭ ብለው ሸለቆውን ሲያዩ ባለቤትሽ ልጆቹን ይዞ ስቶኒ ማን ይውጣ፣ ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ነው፣ አይከብድም። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴን ሰው ሁሉ አጭር ነው ብሎ ይመክርሻል፣ እውነትም አጭር ነው ግን ቁልቁል ወርደሽ ነው የምታዪው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ቁልቁለቱም ዳገቱም ቅጣት ነው፣ ተዪው። ኦልድ ራግንም ስሙን ትሰሚያለሽ፣ እሱ ከስካይላይን አይገባበትም፣ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ኦንላይን ቲኬት ቀድሞ መቁረጥ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ለድንጋይ መንጠላጠል ነው፣ በቃ ለናንተ አይሆንም።

51 ላይ ቢግ ሜዶውስ፣ ሰፊ ሜዳ ነው፣ አመሻሽ ላይ አጋዘኖች ይወጡበታል። ሙዚየሙ ውስጥ ፓርኩ ሲሰራ ከመሬታቸው የተነሱ ብዙ መቶ ቤተሰቦች ታሪክ አለ፣ ሳታነቢው አትለፊ፣ ቪው ብቻ አይቶ መመለስ ደስ አይልም። 57 ላይ ደግሞ ሉዊስ ማውንቴን አለ፣ በዘር መለያየት ጊዜ ጥቁሮች ብቻ እንዲያርፉበት ተብሎ 1939 ላይ የተከፈተ ነው፣ ዛሬ ለሁሉም ነው፣ ካምፕና ትናንሽ ካቢን አለው። እኔ እዚያ ስደርስ መኪና ሳላቆም አላልፍም።

ክፍያው በመኪና 30 ዶላር ነው፣ ሰባት ቀን ይሰራል። ግን ከመክፈልሽ በፊት ይሄን አስቢ፣ እናትሽ ግሪን ካርድ ካላቸው ከ62 ዓመት በላይ ላሉ የሚሰጠውን የሲኒየር ፓስ መውሰድ ይችላሉ፣ የዓመቱ 20 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር፣ እሳቸው መኪናው ውስጥ እስካሉ አብሮ የተሳፈረው ሁሉ በሱ ይገባል። በቪዚት ቪዛ ከሆኑ አይሰራም። ልጅሽ አራተኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጥ ነጻ ፓስ አለ፣ ወረቀቱን ኦንላይን አውጥተሽ ፕሪንት አድርገሽ መምጣት ነው። ብዙ ሀበሻ ይሄን ሳያውቅ በየዓመቱ ይከፍላል።

ምግብ ከቤት ያዢ። በየማረፊያው በርገርና ሳንድዊች አለ ግን የጾም ነገር ስትፈልጊ ያለው ድንች ጥብስ ነው። ልጆቹ የብላክቤሪ አይስክሬም ይጠይቁሻል፣ እሱ ግዢላቸው፣ የቦታው ነው። ቢግ ሜዶውስና ፒናክልስ ላይ ጠረጴዛና ግሪል ያለው ፒክኒክ ቦታ አለ፣ ፍርፍሩን ዘርግቶ ቡና ማፍላት ይቻላል፣ ከሰሉ ግን በተሰራው ግሪል ላይ ብቻ ነው፣ መሬት ላይ እሳት የለም። ሲጨርሱ ፍርፋሪ እንኳ ጥላችሁ እንዳትሄዱ፣ ድብ አለ፣ ቀልድ አይደለም።

ከመግባትሽ በፊት ነዳጅ ሙዪ፣ ማፑን ዳውንሎድ አድርጊ፣ ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም። ለሚያስመልሰው ልጅ መሀለኛው ወንበር ላይ አስቀምጪው፣ ስልክና ታብሌት አይስጡት፣ ወደፊት ይይ።

ከሻርለት፦

ከላይ የተጻፈው ለዲሲ ሰው ትክክል ነው፣ ግን ብሉ ሪጅን እንዲህ ዝም ብላችሁ አትለፉት እንጂ። ባልሽ እውነቱን ነው፣ መግቢያ የሚባል ነገር የለውም፣ 469 ማይል በነጻ፣ የጭነት መኪና አይገባም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ወሰኑ 45 ነው። ስካይላይን ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ሲያልቅ እሱ እዚያው ይጀምርና ቸሮኪ፣ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ ይሄዳል። 1935 ላይ ተጀምሮ የመጨረሻው ቁራጭ ያለቀው 1987 ነው፣ ግራንድፋዘር ማውንቴን ጎን ላይ ያለው ሊን ኮቭ ድልድይ፣ ተራራውን እንዳይቆርጡት ብለው 153 ቁራጭ ኮንክሪት እየገጣጠሙ አየር ላይ ያስኬዱት። መንገድ የሚወድ ሰው እሱን ሳያይ መሞት የለበትም። ግን ለሱ ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ 2024 ሴፕቴምበር ላይ ሄሪኬን ሄሊን ኖርዝ ካሮላይና ያለውን ክፍል ክፉኛ ነው የጎዳው፣ ጥገናው በየቁራጩ ነው የሚካሄደው፣ ስለዚህ ሳትነሺ የፓርኩን የመንገድ ሁኔታ ገጽ ላይ በማይል ቁጥር ተመልከቺ፣ ጂፒኤሱን ብቻ አትመኚ።

ከናንተ ቅርብ የሆነውን የቨርጂኒያውን ክፍል ከሆነ የምትፈልጊው ፒክስ ኦፍ ኦተር (86ኛው ማይል) እደሩ፣ ሐይቁ ዳር ሎጅ አለ፣ የሐይቁ ዙሪያ ለጥ ያለ ስለሆነ ማዘርም ይሄዱበታል። እዚህ ድረስ ብትመጡ ደግሞ ማውንት ሚቸል አለ፣ ከሚሲሲፒ ወዲህ ያለው ትልቁ ተራራ፣ 6,684 ጫማ፣ በሜትር 2,037 መሆኑ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ከፍ ትላለች፣ ማዘር «ተራራው የቱ ጋ ነው?» ቢሉሽ እንዳትቀየሚ። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው በነዚህ መንገዶች አይደነግጥም፣ ደስ የሚለው ሌላ ነገር ነው፣ ደኑ ነው፣ እስከ አድማስ ድረስ ቤት የማይታይበት ቢጫና ቀይ። እናቴ እዚያ ቆማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ይሄ ሁሉ እንጨት ዝም ብሎ ነው የሚቆመው?» ብላ ነው።

ሾፌሩ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ አይውረድ፣ ማርሽ ይቀንስ፣ አውቶማቲክም ቢሆን ኤል ወይም ኤም የሚል አለው። ታች ስትደርሱ የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ የፍሬን ሸራ ነው።

ከቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ፦

ሰው የሰለቸው ካለ ዌስት ቨርጂኒያ። ሃይላንድ ሲኒክ ሃይዌይ ይባላል፣ 43 ማይል፣ ከሪችዉድ ተነስቶ ማርሊንተን አጠገብ ይወጣል፣ ላይኛው ክፍል 150 ቁጥር መንገድ ከ4,500 ጫማ በላይ ይወጣል፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ እንኳ ብቻሽን የምትነጂበት ጊዜ አለ። ክራንቤሪ ግሌድስ ላይ ግማሽ ማይል የእንጨት መተላለፊያ አለ፣ ረግረጉን ሳትነኪው ትዞሪያለሽ፣ ለጉልበት ምንም አይልም። ግሪን ባንክ ላይ ያለው 100 ሜትር ስፋት ያለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ደግሞ ለልጆች! እሱን እንዳይረብሽ ተብሎ ከ1958 ጀምሮ አካባቢው ላይ የራዲዮ ሞገድ ቁጥጥር ስላለ ስልክ የለም በይው፣ ለአንዳንዱ ቤተሰብ ይሄ ራሱ እረፍት ነው። ጉዳቱ ሩቅ ነው፣ ከዲሲ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ማደር የግድ ነው፣ ክረምት ላይ በረዶ አይጠረግለትም፣ ሬስቶራንት ብለሽ የምትጠሪው ነገርም ብዙ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ እናት አልመክረውም፣ ለሁለተኛው ዓመት ያዢው።

ከአትላንታ፦

ጥያቄው የዲሲ ቢሆንም የኛ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው። ከክላርክስተን የምትነሱ ብራስታውን ቦልድ ሂዱ፣ የጆርጂያ ጣሪያ ነው፣ 4,784 ጫማ፣ ዙሪያው ያለው ራስል ብራስታውን መንገድ 41 ማይል ገደማ ነው፣ ባንድ ቀን ያልቃል። ከፓርኪንጉ እስከ ጫፍ ያለው አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ ሸትል መኖሩን ጠይቁ። ሄለን ከተማን በኦክቶበር ቅዳሜ እንዳትነኳት፣ ኦክቶበርፌስት ነው፣ መኪና አይንቀሳቀስም። ስሞኪስ (በቴነሲና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ያለው ብሔራዊ ፓርክ) የምትሉ ደግሞ መግቢያ ነጻ ነው ተብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ካቆማችሁ የፓርኪንግ ታግ ያስፈልጋል፣ የቀኑ 5 ዶላር። እና በናታችሁ ልጅ ይዛችሁ ቴይል ኦፍ ዘ ድራገን አትግቡ፣ በ11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ ነው፣ ሞተርሳይክል ለሚነዳ ጎረምሳ የተሰራ ነው።

ጠያቂዋ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው! ግሪን ካርድ አላት፣ ፓሱን ዛሬውኑ አያለሁ። ቶርንተን ጋፕ ተወስኗል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ባለቤቴ ኦክቶበር ላይ ፈቃድ ካላገኘ ኖቬምበር ይሆናል? እና ማደር ቢያምረን ሎጁ ቦታ ይገኛል?

ከአሌክሳንድሪያ፦

ለኦክቶበር ዊኬንድ ስካይላንድና ቢግ ሜዶውስ ሎጅ ከብዙ ወር በፊት ነው የሚያዘው፣ የሰው ካንሰል እየጠበቅሽ ካልሆነ አሁን ተዪው። ማደር ካማራችሁ ታች ሉሬ ከተማ ውረዱ፣ ከቶርንተን ጋፕ በር ቁልቁል ነው፣ ሆቴል ይገኛል፣ በማግስቱ የሉሬን ዋሻ ታዩበታላችሁ፣ ውስጡ በዋሻው ድንጋዮች የሚጫወት ኦርጋን አለ። ዋሻው ውስጥ ያለውን የእግር መንገድ ግን ለጉልበታቸው አስቢበት።

ቀለሙ ከላይ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፣ ሸናንዶዋ ላይ ጥሩው ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ነው። ኖቬምበር ሲጋመስ ቅጠሉ ረግፏል፣ ሎጆቹም በዚያው ወር ውስጥ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፣ በአጋዘን አደን ወቅት ደግሞ የመንገዱ አንዳንድ ክፍል ማታ ከ5 እስከ ጠዋት 8 ይዘጋል (በፈረንጅ ሰዓት ነው)፣ በረዶ ከጣለማ ጭራሽ። ስለዚህ ባልሽ አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ ይውሰድ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን፣ ሰልፉም የለም፣ የማዘርም ጾም አይደለም።