32 ልጅ፣ 8 ታብሌት፦ እባካችሁ መላ በሉኝ

ሰላም መምህራን። ገና ልምምድ ላይ ያለሁ እጩ መምህር ነኝ፤ የ2ኛ ክፍል ልጆችን በታብሌት እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ስክራች ጁኒየርን (ልጆች ትእዛዝ እየገጣጠሙ ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበት መተግበሪያ ነው) የመረጥኩት ትእዛዞቹ በሥዕል ስለሆኑ ማንበብ ያልለመደ ልጅም አይቸገርም ብዬ ነው። ባለፈው ስሞክረው ግን ጉድ ሆንኩ! አንዱ መተግበሪያው ላይ ያለችውን ድመት ሲያስሮጥ ሦስቱ ታብሌቱን ይጓተታሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ድምፅ መቅጃውን አግኝተው (እኔ እንኳ መኖሩን አላውቅም ነበር) እየጮሁበት ክፍሉ ገበያ ሆነ፣ 40 ደቂቃው እንዲሁ አለቀ። ለአራት አንድ ታብሌት ሲሆን ተራ እንዴት ታስይዛላችሁ? ድመቷን የሚያንቀሳቅሱትን የትእዛዝ ቀስቶች መጀመሪያ በወረቀት ባለማምዳቸው ይሻላል? ደግሞስ እያንዳንዱ ልጅ መረዳቱን በምን ልወቅ? አማካሪዬ «ራስህ ድረስበት» ብለውኛል። ሰኞ ድጋሚ እገባለሁ፣ የሞከራችሁት ካለ ቶሎ ንገሩኝ።